ከጀርባችን የሚገባ ብርሃን፦ የአንዲት መስኮት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ የሕንፃ ኮሚቴው አስጠራኝ። ከምዕራቡ በር በላይ ያለችው መስኮት መስታወቷ በክረምቱ በረዶ ተሰንጥቆ እስካሁን በፕላስተር ተይዞ ነው የከረመው። «እንጀራህ መስታወት አይደል? በዚያው ባለቀለም አድርግልን» አሉኝ። እንጀራዬስ መስታወት ነው። እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ በአንድ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ቤት ስቆርጥና ስገጥም ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። የምገጥመው ግን የሱቅ በርና የመታጠቢያ ቤት መስታወት ነው። ለእግዚአብሔር ቤት መስኮት ሠርቼ አላውቅም። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አንዱ የኮሚቴ አባል የእመቤታችን ሥዕል የታተመበት የፕላስቲክ ስቲከር ከአዲስ አበባ እናስመጣ፣ በአንድ ቀን ተለጥፎ ያልቃል አለ። ርካሽም ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ስቲከር ስንት ሱቅ ላይ ለጥፌ፣ ዓመት ሳይሞላው ነጥቶና ተላልጦ በምላጭ ፍቄ አንሥቼዋለሁ። የእመቤታችን ሥዕል እንደዚያ ሲሆን ማየት አልችልም። ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። መምሬ «እንግዲያው ለብርሃን አድርስልን» አሉ። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ፤ ዘንድሮ ብርሃን የሚውለው ታኅሣሥ 19፣ በቅዱስ ገብርኤል ዕለት ነው። ስድስት ሳምንት አይሞላኝም።

ልኬት፦ ስፋት 62፣ ቁመት 94 ሳንቲ ሜትር። ከወለሉ እስከ መስኮቷ መሐል 4 ሜትር ከ10።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ዛሬ ከሥራ አስፈቅጄ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሜትርና የወረቀት ፕላስተር ይዣለሁ። ንድፍ ከማውጣቴ በፊት ብርሃኑ ራሱ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነበረብኝ።

እስከ 10 ሰዓት ገደማ የጣሪያው ክፈፍ ፀሐይን ይከልላታል። ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ ከበሩ ሰባት ስምንት ሜትር ራቅ ብሎ፣ አንድ ብሩህ ቦታ ወጣ። በየሩብ ሰዓቱ ጠርዙ ላይ ፕላስተር እየለጠፍኩ ተከተልኩት። ወደ ምሥራቅ እየራቀ፣ ወደ ሰሜንም እያዘነበለ ሄደ። 11 ሰዓት ሲሆን ወንዶች ከሚቆሙበት ግድግዳ ሥር ደረሰ፤ ከዚያ ግድግዳውን መውጣት ጀመረ።

መጀመሪያ መስኮቷ ተጣማ የተሠራች መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። በዚህ ወራት ፀሐይ የምትጠልቀው ከትክክለኛው ምዕራብ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብላ ነው፣ ስለዚህ ብርሃኗ ወደ ሰሜን ያጋድላል። ታኅሣሥ ላይ ይህ ማዘንበል ጫፍ ይደርሳል። ሰኔ ላይ ተገልብጦ ብርሃኑ ወደ ደቡብ፣ ወደ እናቶቻችን በኩል ይሄዳል፤ ሰኔ ግን ጅማ ደመና ናት። በመስከረምና በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ በመሐል ቀጥ ብሎ ወደ መቅደሱ መጋረጃ ያመራል። ልጅ ሆኜ እዚሁ እየቆምኩ አድጌ፣ ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ ምእመኑን ሲዞር አላየሁትም ነበር።

ሌላም ነገር ገባኝ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አዙረን ነው የምንቆመው። ይህች መስኮት ከጀርባችን ናት። በጸሎት ሰዓት ማንም አያያትም! የፈለገውን ያህል የሚያምር ሥዕል ብሠራባት የሚያየው ሲወጣ ቀና የሚል ሰው ብቻ ነው። ሕዝቡ የሚያየው ከእሷ አልፎ የሚመጣውን ነው። «በብርሃንከ ንሬኢ ብርሃነ» ይላል ዳዊት በመዝሙር 35፤ በብርሃንህ ብርሃንን እናያለን። ስለዚህ የምሠራው ሥዕል ሳይሆን ብርሃን ነው። ሥራዬን ከሥሩ ቀየረብኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የካርቶን ሙከራ። በካርቶን ላይ ክንዱ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ደቃቅ መስቀል ቆርጬ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ መስኮቷን በካርቶኑ ደፈንኳት። ወርጄ ምንጣፉን ሳይ መስቀል የለም። ደብዛዛ፣ ዙሪያው የተበተነ ነገር ብቻ። ልቤ ወደቀ።

መሪጌታ ከቅኔ ማኅሌቱ ሆነው ሲያዩኝ ኖሯል።

«ምን ጠፋህ ልጄ?»

«መስቀሉ ጠፋብኝ መሪጌታ። ላይ ሹል ነው፣ ታች ሲደርስ ይሟሟል።»

ሌላ ካርቶን ላይ በብር ሳንቲም ልክ አንዲት ክብ ቀዳዳ፣ ከጎኗም ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ በስቼ መልሼ ሰቀልኩት። ከሁለቱም ታች የመጣው አንድ ዓይነት ነው፤ ሞላላ ክብ። ባለ አራት ማዕዘኗም ክብ ጣለች። ፀሐይ ነጥብ ስላልሆነች ነው። ክብ ናት፣ ከእያንዳንዱ የክበቧ ክፍል የሚመጣው ብርሃን በራሱ አቅጣጫ ይገባል፤ አሥር ሜትር ሲጓዝ ጠርዙ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። ቀዳዳው ከዚያ ካነሰ ወለሉ ላይ የሚታየው የቀዳዳው ቅርጽ መሆኑ ቀርቶ የፀሐይዋ የራሷ መልክ ይሆናል።

ይህን ስነግራቸው መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ክበቡ ነዋ ያየኸው! ክበብ፣ ብርሃን፣ ሙቀት ብለን ያስተማርንህን ረሳኸው?» አሉኝ። በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት ፀሐይ የምትመሰለው እንዲህ ነው፤ ሦስትነት አላት፣ ፀሐይነቷ ግን አንድ ነው። ካርቶኑን አንሣው አሉኝና መዳፋቸውን ዘርግተው ብርሃኑ ውስጥ አስገቡ። «ይኸው፣ ሙቀቱም መጣ» አሉ። የእጃቸው ጅማት ሁሉ ይታየኝ ነበር። ትምህርቱን ሰንበት ትምህርት ቤት በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ለሥራው የተረፈኝ ውሳኔ፦ ደቃቅ ነገር አይሠራም። የመስቀሉ ክንድ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ቀን። ማታ ማታ ስለ ባለቀለም መስኮት ያገኘሁትን ሳነብ ነው የማመሸው።

ከፓሪስ ወጣ ብሎ ባለው በሳን ድኒ ገዳም ሱዤ የሚባል አበምኔት እ.ኤ.አ. በ1144 አዲስ የተሠራውን የቤተ ክርስቲያኑን ምሥራቃዊ ክፍል አስመረቀ። ይህ ሰው ግድግዳውን በመስኮት ተካው። የሚታየው ብርሃን ልብን ወደማይታየው ብርሃን ያነሣል ብሎ ያምን ነበር፤ ጽፎታልም። ከዚያ ወዲህ ፈረንጆቹ ግድግዳ እየቀነሱ መስታወት እየጨመሩ ሄዱ። ፓሪስ ውስጥ በ1248 የተቀደሰችው ሳንት ሻፔል ላይኛው ቤቷ ከግድግዳ ይልቅ መስታወት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዐሥራ አምስት ረጃጅም መስኮቶች። ግድግዳ ሲጠፋ በግድግዳ ላይ ይሣል የነበረው ታሪክ መስታወቱ ላይ ወጣ። ኦሪቱም ወንጌሉም እዚያ ነው የሚነበበው።

የእኛ አባቶች መንገድ ሌላ ነው። ታሪኩ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በቀለም ተሥሎ ቀረ። ብርሃኑ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቅኔ ማኅሌቱ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ቅድስቱ ከዚያ ይብሳል፣ መቅደሱ በመጋረጃ ተሰውሮ በጧፍና በሻማ ይኖራል። ጨለማው የብርሃን እጦት አይደለም፣ ምሥጢር የሚከበርበት ነው። ላሊበላን ያየ ይህን ያውቀዋል። የቤተ ማርያም መስኮቶች ከአለቱ በተለያየ የመስቀል ቅርጽ ተፈልፍለዋል፤ ብርሃን በመስቀል አልፎ ካልሆነ አይገባም። በቤተ ጊዮርጊስ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ድፍን ናቸው፣ ክፍቶቹ ላይኞቹ ዐሥራ ሁለቱ ናቸው።

ባለቀለም መስታወት ለአገራችን እንግዳ ነው ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የገባ አይቶታል። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ሞልቶ ቆሟል፤ አንድ ጊዜ ለሥራ ሄጄ ፊቱ ቆሜ መሳሪያ የያዘው እጄ ቀላ። ግን ያ አዳራሽ ነው፣ ሰው ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ የሚቆምበት። የእኔዋ መስኮት ከመቅደሱ ዓይን መስረቅ የለባትም። ከጀርባ መሆኗን አሁን እንደ በረከት ነው የማየው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

መስታወቱን የሚይዘው ምንድን ነው? ፈረንጆቹ በእርሳስ ዘንግ ነው የሚያያይዙት፤ ጎንና ጎኑ ቦይ ያለው ለስላሳ ዘንግ ነው። ጅማ ውስጥ የለም። ጅማ ያላት እንጨትና የእንጨት እጅ ነው። በርጩማዋን ከአንድ ግንድ ፈልፍላ የምታወጣ ከተማ ውስጥ ተቀምጬ እርሳስ ለምን እናፍቃለሁ?

ወደ ጂሬን በሚወስደው መንገድ ወዳለው አናጢ ሄድኩ። ሙስሊም ናቸው፣ የአባቴ ጓደኛ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ንድፉን ዘርግቼ አሳየኋቸው። መሐል ላይ ሰፊ መስቀል፣ በዙሪያው ዐሥራ ሁለት ጨረሮች፣ ዳር ዳሩን ክፈፍ፤ ሁሉም ከዋንዛ ተፈልፍሎ መስታወቱ ከኋላ በተቆረጠለት ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀመጥ። ጋሼ በጣታቸው መስመሮቹን ተከተሉና «ይህን ማገር ለምን አወፈርከው? ቀጠን ቢል አያምርም?» አሉኝ።

ጠረጴዛ ላይ እውነታቸውን ነው። ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ግን ማገሩን ይበላዋል። አንዱን ቁራጭ እንጨት ከመስኮታቸው ፊት ይዤ አሳየኋቸው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትሩ አንድ ተኩል መሰለ። ጥቁሩ የማገር መስመር ከሌለ ቀለሙ ይፈሳል፣ አንዱ ከአንዱ ይደባለቃል። ጋሼ ዝም ብለው አዩና፣ በቁርኣን በሱረቱ አን-ኑር የአላህ ብርሃን በመስኮት ባለ መብራት እንደተመሰለ ነገሩኝ። መብራቱ በብርጭቆ ውስጥ ነው፣ ብርጭቆውም እንደሚያበራ ኮከብ ነው። «ለብርሃን ቤት ነው የምትሠራው። ኢንሻአላህ ጥሩ ዋንዛ አለኝ፣ ሦስት ዓመት የደረቀ» አሉ። የእጃቸውን ዋጋ አልቀበልም አሉ። የእንጨቱን ብቻ ከፈልኩ።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ቀለም ፍለጋ። ሥራ ቤታችን ከተቆረጠ የተረፈ ሰማያዊና አረንጓዴ ባለ 4 ሚሊ ሜትር መስታወት አለ፤ አለቃዬ ውሰድ አለኝ። ቢጫውን ከቡናማ ጠርሙስ አገኘሁት። ፀሐይ ስታገኘው ቡናማው ማር ይሆናል፣ የጫካ ማር።

አንዳንዱ ሰው ነጭ መስታወት ላይ ቀለም ብትቀባ አይሻልም ይለኛል። አይሻልም። የመስታወት ቀለም የሚባለው ላዩ ላይ የሚቀመጥ ነው፣ ፀሐይ ይበላዋል፤ ከሥራ ቤታችን በር ላይ ባለፈው ዓመት የተቀባው ቀይ ጽሑፍ ዛሬ ሮዝ ሆኗል። መስታወቱ ሲቀልጥ አብሮት የቀለጠ ቀለም ግን አይለቅም። ሰማያዊውን ኮባልት ነው የሚሰጠው፣ ከሺህ አንድ እጅ የማይሞላ ይበቃዋል። ጠርሙሱን ቡናማ የሚያደርገው ብረትና ድኝ ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የተሠራው የፈረንሳዩ የሻርትር ካቴድራል ሰማያዊ መስታወት ዛሬም ሰማያዊ ነው። በእሳት ውስጥ የገባ ነገር ከእሳት በኋላ አይለወጥም። የገብርኤል ዕለት፣ ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶኑ የወጡበት ቀን መግጠሙን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ቀይ አጣሁ። ሙሉ ጅማን ዞርኩ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ስቆርጥ ዋልኩ። አልማዙን ነጭ ጋዝ ነክሬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳላቋርጥ መሳብ ነው፤ ሲስተካከል ቀጭን ጨርቅ እንደሚቀደድ ይሰማል። በመስመሩ ላይ የደገመ መስታወቱን አጠፋው። ጠርሙሱ አስቸገረኝ፤ ጎኑ ክብ ስለሆነ ከሦስት ጣት በላይ ስፋት አይወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጨረር ከሦስት ወይም ከአራት ቁራጭ ይገጣጠማል።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ አዘንኩ። ፍሬሙ ከጋሼ ዘንድ ሐሙስ መጣ፣ የሚያምር ሥራ። ትናንት ማታ አራቱን ሰማያዊ ክንዶች ልክክ አድርጌ፣ ምንም ክፍተት ሳልተው አስገባሁና ከኋላ በእንጨት ልባጥ አጠበቅኋቸው። ጠዋት ስመጣ የላይኛው ክንድ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌሊት ጉም ነበር፣ እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፤ መስታወት አይሰጥም። የአሉሚኒየም ልምዴ አሳሳተኝ። አሉሚኒየም እንዲህ አያብጥም።

ሁሉንም አወጣሁ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ሞርጄ ቀነስኩ፣ ክፍተቱን ለስላሳ ሲልከን ሞላሁበት። አንድ ሳምንት ሄደብኝ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ቀዩ መጣ! ከሠርክ ጉባኤ ስንወጣ እማማ (ከደጀ ሰላሙ የማይጠፉት) ክንዴን ያዙኝ። «ቀይ መስታወት ጠፋው ሲሉ ሰማሁ። ይኸው፣ ለሠርጌ የተሰጠኝ የአበባ ማስቀመጫ ነው፣ ከተሰበረ ቆይቷል፣ መጣል አልቻልኩም» ብለው በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ስብርባሪ ሰጡኝ። «እማማ፣ ልቁረጠው? አይቆጭዎትም?» አልኳቸው። «የት ሊደርስልኝ! ቁረጠው እንጂ» አሉ።

ቤት ገብቼ በአምፖል ፊት አንድ በአንድ አየሁት። የቂጡ ወፍራም ክፍል ጥቁር ነው፣ ምንም አያሳልፍም። ወደ አንገቱ፣ ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ሮማን ፍሬ በራ። የጥንት ባለሙያዎች ቀዩን ለምን ነጭ መስታወት ላይ በስሱ ብቻ ያለብሱት እንደነበር በእጄ ያዝኩት፤ ሙሉ ውፍረቱ ቀይ ቢሆን ብርሃኑን ሁሉ ይውጠው ነበር።

ከአንገቱ አምስት ቁራጭ ወጣ፣ ስድስተኛ የለውም። አምስቱ ቅንዋት፣ የጌታ ችንካሮች ናቸው፤ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። አንዱ መሐል፣ አራቱ በክንዶቹ ጫፍ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ገጣጥሜ ጨረስኩ። መሪጌታ ሊያዩ መጥተው ነበር፤ መስታወቱን በጥፍራቸው ቆረቆሩና «ብርሃኑ ሲያልፍ አይሰበርም፣ አይቀደድም» አሉ ለራሳቸው። በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡ ሰባክያን ድንግል ጌታን በድንግልና መውለዷን በዚህ ይመስሉት እንደነበር አንብቤያለሁ፤ ፀሐይ መስታወቱን ሳትጎዳ ታልፋለች፣ የመስታወቱንም ቀለም ትለብሳለች። ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እኛ ሕዝቅኤል ያያትን የተዘጋች ምሥራቃዊት በር እንላለን። ይህም መልካም ነው። ቀለሙን መልበሱ ይበልጥ መልካም ነው፣ ሥጋን ለበሰ አይደል?» አሉኝ። ይህን ከራሴ አላመጣውም ነበር።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ተሰቀለች። አሮጌው የብረት ፍሬም ላይ ከውጭ አዲስ ነጭ መስታወት ገጠምኩ፣ ዝናቡን እሱ ይቀበላል። የዋንዛው ፍሬም ከውስጥ አራት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ቆመ፤ ላብ እንዳይይዝ ከላይና ከታች አየር መተላለፊያ ተውኩለት። ሦስት ወጣቶች መወጣጫውን ያዙልኝ። ዛሬ ደመና ስለነበር ብርሃኑን አላየሁትም።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ጠዋት በዓሉ ሲከበር መስኮቷ ጨለማ ነበረች፣ ፀሐይ በምሥራቅ ናት። አንዳንዱ «ይቺ ናት?» አለ፣ ሰምቻለሁ። አልመለስኩለትም።

ለሠርክ ጉባኤ 10 ሰዓት ገባሁና ከወንዶች ረድፍ ኋላ ቆምኩ። 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ምንጣፉ ላይ ወጣ። ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ሰማያዊው ከማሩ ጋር ሲገናኝ መሐላቸው ስም የሌለው ቀለም ተፈጠረ። መስቀሉ ይታወቃል፤ ሹል ሳይሆን ጉም ውስጥ እንደቆመ መስቀል ነው። ቀዮቹ እንደፈራሁት ወለሉ ላይ አይለዩም። ግን ብርሃኑ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ በመቋሚያ የተደገፉ አባት ትከሻ ላይ ሲደርስ በጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቅላት አየሁ፤ እዚያ ብቻ፣ ከአፍታ ላልበለጠ ጊዜ። እሳቸው አላወቁም። ፊታቸው ወደ መጋረጃው ነበር። ሰባኪው ብርሃንም በጨለማ ይበራል የሚለውን እያነበበ ነበር፣ ዞር ያለ ሰው አልነበረም።

እማማ በሴቶች በኩል ነበሩ፣ ብርሃኑ ዛሬ ወደሳቸው አይደርስም። ሲወጡ በሩ ላይ አስቁሜ ወደ ላይ አሳየኋቸው። አምስቱን ቆጠሩ። «አንገቱ ነው አይደል?» አሉ።

የወረቀት ፕላስተሩን ጥቅል ከምዕራቡ በር መቃን ላይ ትቼዋለሁ። መጋቢት 12 ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ፊት መለጠፍ የምጀምርበት ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደመናው ከፈቀደ ደግሞ እማማ ከሚቆሙበት ዓምድ ሥር።